የፕሮቲን መድኃኒት ምርመራ «ትርፍ ሥራ» ነው ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ፕሮቲን መድኃኒቶች ነው፤ ስለ ኢንሱሊን፣ ስለ ካንሰር አንቲቦዲዎች (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች የሚመስሉ)፣ ለኩላሊት ሕመምተኞች ስለሚሰጠው ኤሪትሮፖይቲን እና ስለ መሰሎቻቸው። ጸሐፊው ስማቸውን አላስቀመጡም። አማርኛቸው ግን ያምራል፤ ንዴታቸውም የእውነት ነው። መድኃኒቱ ውድ ነው። አገር ቤት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። በመሀል ሰው ይሞታል። እስከዚህ ድረስ አብረን ነን።

ከዚያ በኋላ ጥፋተኛ ፈለጉና ላብራቶሪውን አገኙ። ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው። የመድኃኒቱ ቀመር አንዴ ከታወቀ ደጋግሞ መመርመር ለታይታ ነው። ፋብሪካው ካልተለወጠ ምርቱም አይለወጥም። ዝንጀሮና ሰው ላይ ተሞክሮ ደህና ከሆነ ብልቃጡን መበርበር አያስፈልግም። ላብራቶሪዎቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አሁን ደግሞ የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብይ ኮምፒውተር መጥቷል። ስለዚህ ይህ ሁሉ ምርመራ ዋጋ ለማስወደድና ድሃ አገሮችን ከገበያው ለማስወጣት የተዘረጋ አጥር ነው፤ ይላሉ።

እንጀራዬ ከዚሁ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ታዳላለህ ብትሉኝ አልቀየምም። ማስረጃውን አይታችሁ ፍረዱ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከቀመሩ ልጀምር። ጸሐፊው የጂኑ ቅደም ተከተል በእጅ ካለ መድኃኒቱ ታወቀ ማለት ነው ይላሉ። ስለ አስፕሪን ቢሆን ኖሮ ብዙም አልከራከርም ነበር። አስፕሪን 180 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) የምትመዝን ትንሽ ሞለኪውል ናት። በኬሚስትሪ ትሠራለች፤ ንጹሕ ከሆነች ሁሉም አንድ ዓይነት ናት። ኢንሱሊን የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑ 51 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ክብደቱ 5,800 ዳልተን ገደማ ነው። አንቲቦዲ ጋ ስንደርስ ክብደቱ 150,000 ይጠጋል፤ አሚኖ አሲዶቹም ከ1,300 ይበልጣሉ። ይህን የሚሠራው ደግሞ ሕይወት ያለው ሴል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሃምስተር ከምትባል የአይጥ ዘመድ ተወስዶ ላብራቶሪ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሲራባ የኖረ ሴል ነው።

ጂኑ የሚናገረው የአሚኖ አሲዶቹን ተራ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሴሉ እንደ ፍጥርጥሩ ያደርገዋል። ያጣጥፈዋል፣ ስኳር ይለጥፍበታል፣ ጫፉን ይቆርጠዋል። ምርቱ ብልቃጥ ከገባ በኋላም አርፎ አይቀመጥም። ሜቲዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ኦክስጅን ይይዝና ክብደቱ በ16 ዳልተን ይጨምራል። አስፓራጂን የሚባለው ደግሞ ወደ ሌላ አሚኖ አሲድ ይለወጥና ክብደቱ በአንድ ዳልተን ገደማ ይጨምራል። ከ150,000 ላይ አንድ! ሆኖም ያቺ አንድ የመጣችው አንቲቦዲው ዒላማውን በሚይዝበት ቦታ ላይ ከሆነ መድኃኒቱ ሊደክም ይችላል። ይህን ለማየት ፕሮቲኑን ትሪፕሲን በተባለ ኤንዛይም ይቆራርጡታል። ከዚያ ቁርጥራጮቹን በማስ ስፔክትሮሜትር አንድ በአንድ መመዘን ነው። ቀመሩን ቁጭ ብሎ በማንበብ ይህ አይታወቅም።

ስለዚህ ብልቃጡ ውስጥ ያለው በጣም የሚመሳሰሉ የብዙ ሞለኪውሎች ስብስብ ነው። የላብራቶሪው ጥያቄ የትኛው ስንት እጅ ነው የሚል ነው።

አንዱን ምርመራ ቀረብ ብለን እንየው። ሞለኪውሎችን በመጠናቸው የሚለይ ክሮማቶግራፊ አለ። ወደ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ነው፤ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ባላቸው ደቃቅ ቅንጣቶች ተጠቅጥቋል። ከናሙናው ጥቂት ማይክሮሊትር ይገባል። ትንንሾቹ ሞለኪውሎች ቀዳዳው ውስጥ እየገቡና እየወጡ ስለሚሄዱ ይዘገያሉ። ትልልቆቹ መግባት ስለማይችሉ ቀድመው ይወጣሉ። መውጫው ላይ 280 ናኖሜትር ላይ የተስተካከለ የብርሃን መቁጠሪያ ይጠብቃቸዋል። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ትልቅ ጫፍ ይታያል፤ እሱ ደህናው አንቲቦዲ ነው። ከእሱ ቀደም ብላ ግን አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። የኛ ዓይን የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ተጣብቀው የተጓጎሉ ሞለኪውሎች ናቸው። እንበልና ምርቱ ሲወጣ ጉብታዋ ግማሽ በመቶ ነበረች። በ25 ዲግሪ ስድስት ወር ተቀምጣ ሁለት በመቶ ብትደርስ፣ መድኃኒቱ የተበጠበጠበትን ፈሳሽ እንደገና መሥራት ግድ ሊሆን ይችላል። የተጓጎለ ፕሮቲን የሰውነትን መከላከያ ሊቀሰቅስ ይችላልና። ይህን መድኃኒቱን የመሥራቱ ሥራ መጀመሪያ ላይ ያገኘ ሰው ወራት ያጣል። መጨረሻ ላይ ያገኘው ደግሞ ዓመታት።

ያው ክሮማቶግራፊ ብቻውን አይታመንም። ትልልቆቹ ጓጓላዎች ቱቦው ውስጥ ተጣብቀው ከቀሩ ጉብታዋ ከእውነቱ ያነሰች ትመስላለች። ለዚህ ነው ሌላ ዘዴ ለማመሳከሪያ የሚጨመረው፤ ለምሳሌ ናሙናውን በኃይለኛ ፍጥነት እያሽከረከረ የሚለይ አልትራሴንትሪፉጅ። ጸሐፊው አንዱን ነገር በሦስት ማሽን ይለካሉ ብለው የቀለዱት በዚህ ነው። ማሽኖቹ የሚታለሉት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ነው ሦስት የሚሆኑት።

ስኳሩ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይጠነክራል። ሴቱክሲማብ የሚባል አንቲቦዲ በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። በአብዛኛው ቦታ ከባድ አለርጂ የገጠመው ጥቂት ሰው ነበር። ቴነሲና ኖርዝ ካሮላይና ላይ ግን ቁጥሩ ከመቶ 22 ደረሰ። መድኃኒቱ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ በደም ሥራቸው ሲገባ ነው የሚወድቁት። በ2008 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አገኘው። ሴቱክሲማብ የሚሠራው በአይጥ ሴል ነው። ያ ሴል አልፋ ጋል የሚባል ስኳር ይለጥፍበታል። የሰው ሴል ይህን ስኳር አይሠራም፤ የላምና የበግ ሴል ግን ይሠራል። የነዚያ ሕመምተኞች ደም ውስጥ መድኃኒቱን ከመውሰዳቸው አስቀድሞ ለዚያ ስኳር የተዘጋጀ የአለርጂ አንቲቦዲ ተገኘ። ኋላ ላይ መነሻው የመዥገር ንክሻ መሆኑ ታወቀ። እንዲህ ያለ አለርጂ የያዘው ሰው ሥጋ በልቶ ከሰዓታት በኋላ ሰውነቱ ያብጣል፣ ያሳክከዋል፣ አንዳንዱም ትንፋሽ ያጥረዋል። ለቁርጥ ወዳድ ሰው ከዚህ የባሰ እርግማን አላውቅም።

የአሚኖ አሲዶቹ ተራ ትክክል ነበር። ሰው የጎዳው ቀመሩ ላይ ያልተጻፈው ስኳር ነው። ዛሬ አዲስ አንቲቦዲ ሲሠራ የተለጠፉትን ስኳሮች ገና ከጅምሩ መዘርዘር፣ አልፋ ጋልንም በስሙ መፈለግ የተለመደ ነገር ሆኗል። ጸሐፊው ለታይታ ከሚሉት መካከል አንዱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ፋብሪካው ካልተለወጠ ምርቱ አይለወጥም የሚለው ነው። ጠላ ጠምቆ የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። ጌሾው ያው፣ ብቅሉ ያው፣ ጠማቂዋም ያቺው፤ ጋኑ ሲለወጥ ጠላው ሌላ ይሆናል። ሴልም እንዲሁ ነው።

ፖምፔ በሚባል ብርቅ የጡንቻ በሽታ ለሚሠቃዩ ሰዎች የሚሰጥ ኤንዛይም አለ። ጄንዛይም የተባለው ኩባንያ መጀመሪያ በ160 ሊትር ጋን ነበር የሚያመርተው። ፈላጊው ሲበዛ ወደ 2,000 ሊትር አሳደገው። ጂኑ አልተነካም። በ2008 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍ.ዲ.ኤ. የሁለቱን ምርቶች ስኳር አይቶ አንድ መድኃኒት አይደሉም አለ። በኋላ ከዚያም በተለቀ ጋን የተሠራው ምርት ሉሚዛይም በሚል ሌላ ስም በ2010 ነው የተፈቀደው። በመሀል ሕመምተኛ መጉላላቱ እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ይህ ኤንዛይም ወደ ጡንቻ ሴል የሚገባው በተለጠፈበት ስኳር አማካይነት ነው። ስኳሩ ከተለወጠ ምን ያህሉ ጡንቻው ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም።

ከዚህ የከፋው የኢፕሬክስ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ያው ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ኢፕሬክስ ኤሪትሮፖይቲን ነው። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ደም እንዲሠሩ የሚረዳ ፕሮቲን ነው። በ1998 ከአሜሪካ ውጭ በሚሸጠው ምርት ላይ አንድ ትንሽ ለውጥ ተደረገ። ፕሮቲኑን ለመጠበቅ ይጨመር የነበረው የሰው አልቡሚን ወጣና በምትኩ ፖሊሶርቤት 80 የሚባል፣ ከስብ የሚሠራ ሳሙና መሰል ኬሚካል ገባ። ምክንያቱ መልካም ነበር። ያኔ አውሮፓ በእብድ ላም በሽታ ተሸብራለች፤ ከሰው ደም የመጣ ነገር መድኃኒት ውስጥ እንዳይኖር ተፈለገ። ኤሪትሮፖይቲኑን ማንም አልነካውም።

ከዚያ በኋላ አንዳንድ ሕመምተኞች ደማቸው ድንገት አሽቆለቆለ። መቅኒያቸው ቀይ የደም ሴል መሥራቱን አቆመ። የሰውነታቸው መከላከያ በመድኃኒቱ ላይ ተነሥቷል። መድኃኒቱን ብቻ ቢያጠቃ ደግ ነበር፤ ሰውነታቸው ራሱ የሚሠራውን ኤሪትሮፖይቲንም አብሮ አጠፋው። ለደም ማነስ መድኃኒት የጀመረ ሰው በሰው ደም እየተደጎመ መኖር ጀመረ። በዓለም ላይ ከመቶ በላይ ሰዎች ላይ ደረሰ። በተለይ ከቆዳ ሥር የሚወጉት ላይ በረታ።

ምርመራው ረጅም ነበር። ዋነኛው ጥርጣሬ ያረፈው የሲሪንጁ የጎማ መድፈኛ ላይ ነው። ፖሊሶርቤቱ ከጎማው ውስጥ ኬሚካሎችን እየሳበ ወደ መድኃኒቱ አስገባ የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ የፕሮቲኑ መጓጎልና የአያያዙ ጉድለት ይበልጣል ይላሉ። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ማለት አይቻልም። የሚታወቀው ጎማው መሸፈኛ ባለው ጎማ ከተተካ፣ ለኩላሊት ሕመምተኞች ከቆዳ ሥር መውጋቱም ከተከለከለ በኋላ ችግሩ እጅግ መቀነሱ ነው። ጸሐፊው ላብራቶሪው ብልቃጡንና ክዳኑን ሳይቀር ይመረምራል ብለው በግርምት ጽፈዋል። አዎ፣ ይመረምራል። ክዳኑ ከመድኃኒቱ ጋር ሁለት ዓመት ተነካክቶ ነው የሚቀመጠው።

በዚሁ ሰፈር ሌላም አለ። ከሃምስተሯ ሴል የሚቀሩ ፕሮቲኖች በሚሊዮን ውስጥ በጥቂት ይቆጠራሉ። ጸሐፊው ይህን ያህል ነገር ማን ይጎዳዋል ይላሉ። ከነዚያ መካከል ግን ስብ የሚፈጭ ኤንዛይም ካለ ቀስ እያለ ፖሊሶርቤቱን ይበላዋል። ከወራት በኋላ ጠርቶ የነበረው ፈሳሽ ውስጥ ብናኝ ይታያል። ኤንዛይሙ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

ምርት ከተፈቀደ በኋላም ይለወጣል። ትራስቱዙማብ የተባለውን የጡት ካንሰር አንቲቦዲ አቻ ይሠሩ የነበሩ የኮሪያ ሳይንቲስቶች ዋናውን ምርት ከገበያ እየገዙ ለዓመታት ይመረምሩ ነበር። በ2017 ያሳተሙት ውጤት አንዳንዶቹ ባቾች (የአንድ ዙር ምርቶች) ላይ ስኳሩ ፈቀቅ እንዳለ፣ የመከላከያ ሴሎችን ጠርቶ ካንሰሩን የማስገደል አቅሙም አብሮ እንደተነካ አሳየ። ብራንዱ ያው፣ ብልቃጡም ያው ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ዝንጀሮና ሰው ላይ ከተሞከረ ይበቃል የሚል ነው። መጋቢት 13 ቀን 2006 ለንደን፣ ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል። ቲ.ጂ.ኤን.1412 የሚባል አንቲቦዲ ለስድስት ጤነኛ ወጣቶች ተሰጠ። መጠኑ ዝንጀሮዎች ምንም ሳይሆኑ ከወሰዱት በ500 እጥፍ ያነሰ ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስድስቱም ታመሙ። መከላከያቸው በራሳቸው ሰውነት ላይ ተለቀቀ፤ ከሞት የተረፉት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው።

ጸሐፊው ይህን ታሪክ ቢያውቁት ኖሮ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው ይጠቅሱት ነበር። ምክንያቱም ምርመራው ብልቃጡ ውስጥ ብክለትም የአሠራር ስሕተትም አላገኘም። ፕሮቲኑ ንጹሕ ነበር። ታዲያ ላብራቶሪው ምን ጠቀመ? ሊሉ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ንጽሕና መለካት አንድ ነገር፣ ፕሮቲኑ የሰው ሴል ላይ የሚሠራውን መለካት ሌላ ነገር ነው የሚል ነው። በኋላ የእንግሊዝ የባዮሎጂ መድኃኒቶች መለኪያ ተቋም አንቲቦዲውን ፕላስቲክ ላይ አድርቆ የሰው የደም ሴሎችን ጨመረበት። ሴሎቹ ያን ቀን በወጣቶቹ ደም ውስጥ የጎረፉትን ኬሚካሎች ለቀቁ። አንቲቦዲው በፈሳሽ መልክ ብቻ ሲጨመር ይህ አይታይም ነበር። የዝንጀሮዎቹ ነገር ደግሞ በ2010 ተፈታ። አንቲቦዲው የሚይዘው ምልክት ከዝንጀሮ የመከላከያ ሴሎች መካከል በአንዱ ዓይነት ላይ የለም፤ ሰው ላይ ግን አለ። ታዲያ ዝንጀሮው ምን ብሎ ይንገረን? እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚሠራ ዛሬ ሰው ከመንካቱ በፊት ከሰው የተወሰደ ሴል ላይ ይፈትነዋል። ከዝንጀሮም ከወጣቶቹም በፊት እውነቱን ሊናገር ይችል የነበረው የላብራቶሪ ሳህን ነው።

ሰው ላይ ከተሰጠ በኋላም የሚለካው ደም ነው። ቦኮሲዙማብ የተባለ የኮሌስትሮል አንቲቦዲ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። መጀመሪያ ላይ ኮሌስትሮላቸው ጥሩ አድርጎ ወረደ። ቆይቶ የአንዳንዱ ተመልሶ ወጣ። ደማቸው ሲመረመር ግማሽ ያህሉ ሰው በመድኃኒቱ ላይ አንቲቦዲ ሠርቷል። ፋይዘር በ2016 መጨረሻ ሥራውን አቋረጠ። ያ የደም ምርመራ ባይኖር ኖሮ ሐኪሙ ሕመምተኛውን መርፌህን አልተወጋህም ብሎ ይቆጣ ነበር።

አራተኛው ነጥባቸው ላይ አልፎ አልፎ ትክክል ናቸው። ላብራቶሪዎች አይስማሙም ይላሉ። በ2017 መጨረሻ በወጣ አንድ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከፋርማሲዎች 18 የኢንሱሊን ብልቃጦች ተገዝተው ተለኩ። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት መያዝ ነበረባቸው፤ ቢያንስ ቢያንስ 95። የተገኘው አማካይ ግን 40 አካባቢ ሆነ። ዝቅተኛው 14 እንኳ አልሞላም። የስኳር ሕመምተኛው ዓለም ተናወጠ። ገበያው ላይ ያለው ኢንሱሊን እንዲህ ከነበረ ሕመምተኞች በየቀኑ ሆስፒታል ሲወድቁ መታየት ነበረበት፤ አልታየም። ተቺዎች ወደ ዘዴው ዞሩ። ፋርማኮፒያ በሚባለው የመድኃኒት መመዘኛ መጽሐፍ ከተቀመጠው መለኪያ ይልቅ ናሙናውን በሌላ መንገድ የሚያዘጋጅ ዘዴ ነበር የተጠቀሙት። ከዚያ በኋላ በተፈተነው መደበኛ ዘዴ የተለኩት ብልቃጦች የሚጠበቅባቸውን ያሟሉ ሆነው ተገኙ።

ጸሐፊው ከዚህ የሚያወጡት መደምደሚያ እንግዲህ ማንንም አትመኑ የሚል ነው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። መለኪያው ራሱ መለካት አለበት። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዚንክና ማቆያ ኬሚካል መለኪያውን ያሳስተዋል ወይ? ናሙናውን ዛሬና ነገ፣ እኔና ሌላ ሰው ብንለካው ያው ቁጥር ይመጣል ወይ? አውቀን የጨመርነውን መጠን መልሶ ይነግረናል ወይ? ይህ ነው ቫሊዴሽን የሚባለው። ጸሐፊው ምርመራን የሚመረምር ምርመራ ብለው ያላገጡበት ያ ረጅም ሰነድ። ያ ሰነድ ሲጎድል ምን እንደሚመጣ በነዚያ 18 ብልቃጦች ታየ።

ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ አልልም። አልፋፎልድ የተባለው ያ ቅርጽ ተንባይ ፕሮግራም ድንቅ ሥራ ነው፤ የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ከፊሉ ለሠሪዎቹ መሰጠቱም ይገባቸዋል። የሚተነብየው ግን ፕሮቲኑ ሲታጠፍ የሚይዘውን ቅርጽ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከጋኑ የወጣው ባች ውስጥ ስንት በመቶው እንደተጓጎለ አይነግርም። ልንገርህም አላለም።

አሁን ወደ ዋጋው። ጽሑፉን ያነበበ ሁሉ ልቡ የተነካው እዚህ ላይ ነው፤ የኔም ተነክቷል። ላብራቶሪ ርካሽ አይደለም። አንድ ጥሩ ማስ ስፔክትሮሜትር የአንድ ቪላ ቤት ዋጋ ያወጣል። ግን ጸሐፊው ሒሳቡን ገልብጠውታል።

የፕሮቲን መድኃኒት የባለቤትነት መብቱ ሲያልቅ ሌሎች ኩባንያዎች አቻውን መሥራት ይችላሉ፤ ባዮሲሚላር ይባላል። ዋጋ የሚወርደው በዚህ በር ነው። ይህን በር ሲያጠብ የኖረው ደግሞ የላብራቶሪ ምርመራ ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ ዋናውንና አቻውን የሚያወዳድረው ትልቁ የክሊኒክ ጥናት ነው። ኤፍ.ዲ.ኤ. እንደሚለው እንዲህ ያለ ጥናት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ በአማካይም 24 ሚሊዮን ዶላር ይጨርሳል። ያን ሁሉ ወጪ አውጥቶ የሚያየው ደግሞ በጣም ትልቅ ልዩነትን ብቻ ነው። ሰው ከሰው ይለያያላ! ማሽኑ ግን በስኳሩ ላይ የመጣችውን የጥቂት በመቶ ለውጥ ያያል።

ተቆጣጣሪዎቹም ይህን ተቀብለዋል። የእንግሊዙ ኤም.ኤች.አር.ኤ. በ2021 አብዛኛውን ጊዜ ያ ጥናት አያስፈልግም አለ። ኤፍ.ዲ.ኤ. በጥቅምት 2025 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ ወደዚያው ሄደ። መሥሪያ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከበዙበት ሰፈር ሩቅ አይደለም። ምናልባት አንዱ ቀን እዚያ ጥብስ እየበላን ከጸሐፊው ጋር እንጨርሰው ይሆናል። መመሪያው የሚለው ላብራቶሪው ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸው በደንብ ከታየ፣ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚያደርገው ጉዞም ተመሳሳይ ከሆነ፣ ትልቁ ጥናት ሊቀር ይችላል ነው። እንግዲህ ጸሐፊው አስወግዱት የሚሉት ምርመራ ነው ዋናውን ወጪ የሚያስወግደው። እሱን ካነሣን ወደ ክሊኒኩ ጥናት እንመለሳለን፤ መድኃኒቱም ይወደዳል።

ድሃ አገርን በተመለከተ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኬንያ ውስጥ ዳጋሃሌይ የሚባል የስደተኞች ካምፕ አለ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ ነው የሚባለው፤ የካምፑ ሰው ግን ፍሪጅ የለውም። ስለዚህ ሕመምተኛው ለመርፌ በየቀኑ ወደ ሆስፒታሉ መመላለስ ነበረበት። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ኢንሱሊኑን ይዘው ላብራቶሪ ገቡ። በካምፑ ቤቶች ውስጥ የተለካውን ሙቀት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ከፍና ዝቅ እያለ፣ ለአራት ሳምንት ደገሙበት። ከዚያ በክሮማቶግራፊ ለኩት። ቅርጹን ተመለከቱ። ሴል ላይ ሠርቶ እንደሆነ ፈተኑት። በ2021 የወጣው ውጤት ብርድ ውስጥ ከተቀመጠው ጋር ሲተያይ ከአንድ በመቶ የበለጠ ልዩነት አላገኘበትም። ኢንሱሊኑን ፀሐይ ላይ ስጡት ማለት አይደለም፤ ከአራት ሳምንት በላይም አልተባለም። ፍሪጅ የሌላት እናት ግን ኢንሱሊኗን ቤቷ አስቀምጣ ልትወጋ ትችላለች ማለት ነው። አገር ቤትም ብልቃጡን በራሰ ሸክላ ዕቃ ውስጥ የሚያቆዩ ብዙ ናቸው። ይህን ነፃነት የሰጣቸው የምርመራ መቅረት አይደለም። ቁጭ ብሎ የለካ ሰው ነው።

ጸሐፊው አንድ ምርመራ ቢመርጡና ይሄ ይቅር ቢሉ አብሬያቸው እፈርም ነበር። የጥንቸሉን ነገር ቢያነሡ ለምሳሌ። የኢንሱሊን ጥንካሬ ለአሥርት ዓመታት የሚለካው ጥንቸል ወግቶ ስኳሯ ሲወርድ በማየት ነበር፤ ክሮማቶግራፊው መጥቶ ነው የገላገላት። ሌላው ጥንቸል ላይ የሚደረግ ፈተና ትኩሳት የሚያመጣ ብክለትን መፈለጊያው ነው። መድኃኒቱ ይወጋና የጥንቸሏ ሙቀት በቴርሞሜትር ይታያል። የአውሮፓ ፋርማኮፒያ ለመድኃኒቶች ይህን ፈተና መጠየቅ ያቆመው ገና ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ነው። በምትኩ የሰው የደም ሴል በሳህን ላይ ብክለቱን እንዲናገር ይደረጋል። ፈጣን ነው፣ ለሰው ሰውነትም ይቀርባል። ይህ ሃያ ዓመት ቀድሞ መሆን ነበረበት። በዚህ ላይ ቢጽፉ እኔው ራሴ ለወዳጆቼ ሁሉ እልከዋለሁ።